«ልቡ ቀጥ አለ»፦ ኢሲጂ ይነበባል ወይስ ይተረጎማል?

ጠያቂዋ፣ ከደሴ

ሰላም የቃል ወዳጆች። ኢንተርን፣ ተለማማጅ ሐኪም፣ ነኝ። ሰሞኑን ኢሲጂ፣ የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ በመስመር የሚስለውን ምርመራ፣ እየተማርኩ ነው። ጥያቄዬ ግን የሕክምና ብቻ አይደለም፤ የቃልም ነው።

ባለፈው ሳምንት የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ተኝቷል፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። አንድ አባት ደረታቸውን ይዘው መጡ። «ልቤን ያቃጥለኛል፣ ጨጓራ ነው» ይላሉ። ኢሲጂ አነሳን። ሲኒየሬ ወረቀቱን ሰጠኝና «አንብቢ» አለኝ። እኔ ቸኩዬ «የልባቸው ደም ሥር ተዘግቷል» አልኩ። «እሱ ትርጉሙ ነው። ንባቡን መቼ ነገርሽኝ?» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ አላነበብኩም። ፍጥነቱን አልቆጠርኩም። ምቱ እኩል ይሂድ አይሂድ አላየሁም። ዓይኔ የገባው ከፍ ያለው መስመር ብቻ ነው። አባባ ደግሞ በብርድ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ መስመሩ አብሮ ይዋዥቃል። ጋቢያቸውን ደርበንላቸው፣ ትንሽ ሞቅ ሲላቸው ደግመን አነሳን። ከፍታው የለም። ያም ሆኖ አልሸኘናቸውም። የልብ ሕመም እንደ ጨጓራ ሊያቃጥል ይችላል፤ አንድ ኢሲጂ ደህና ስለሆነም «ልብ አይደለም» አይባልም። ደም ላክን፣ ኢሲጂውንም ደጋገምን።

እናንተ «ማንበብ»ን እና «መተርጎም»ን እንዴት ትለያላችሁ?

የአማርኛ መምህር፣ ከደሴ

እህቴ፣ ሲኒየርሽ የያዘው የድሮውን የትምህርት ቤት ሥርዓት ነው። ንባብ ቤት የገባ ልጅ ዳዊቱን በግዕዝ ጥርት አድርጎ ይወጣዋል። ምን ማለት እንደሆነ ግን ላያውቅ ይችላል። ትርጓሜ ሌላ ጉባኤ ነው፤ ሌላ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ንባቡ ሳይጸና ትርጓሜ የሚጀምር የለም።

ደግሞ «አንድም»ን አስቢው። የትርጓሜ መምህር አንዱን ቃል ይዞ «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያለ ይፈታዋል። አንድ ንባብ ብዙ ፍቺ ሊኖረው ይችላል። ያንቺም ወረቀት እንዲሁ ይመስለኛል።

ሆጤ ያደግኩ

መምህር ያሉት በእኛም ሰፈር አለ። ልጅ ሆነን ቁርአን ስንቀራ ፊደሉን፣ አነባበቡን ነው መጀመሪያ የያዝነው። ተፍሲር፣ ትርጓሜው፣ በኋላ ነው የሚመጣው፤ እሱንም ያወቀ ሰው ነው የሚያስተምረው። አብሽሪ እህቴ፣ ሁሉም በፊደል ነው የሚጀምረው።

ጠያቂዋ

ሁለታችሁንም አላህ ይስጥልኝ። «አንድም» ያሉት ነገር ሌሊቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። እንዲህ ብዬ ሞከርኩት።

ንባብ፦ ወረቀቱ በሰከንድ 25 ሚሊሜትር ይሮጣል። ስለዚህ አንዷ ትንሽ ካሬ 0.04 ሰከንድ ናት። ትልቋ ካሬ፣ አምስት ትንንሾች የያዘችው፣ 0.2 ሰከንድ ናት። ከአንዱ ሹል እስከሚቀጥለው ሹል ያሉትን ትልልቅ ካሬዎች ቆጥሬ 300ን በቁጥራቸው አካፍላለሁ። አራት ካሬ ከሆነ ልቡ በደቂቃ 75 ይመታል። ሁለት ከሆነ 150። ምቱ ካልተስተካከለ ይሄ አይሠራም፤ የ10 ሰከንዱን ወረቀት ሹሎች ቆጥሬ በ6 አባዛለሁ። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ሹል በፊት ትንሿ ጉብታ፣ ፒ፣ አለች ወይ? ከፒ መነሻ እስከ ሹሉ መነሻ ከሦስት እስከ አምስት ትንንሽ ካሬ ነው ጤናው። እስከዚህ ድረስ «በሽታ» የሚል ቃል ካፌ አይወጣም።

ትርጓሜ፦ ኤስቲ፣ ከሹሉ ቀጥሎ ያለው መስመር፣ ከፍ ብሏል። አንድም የልብ ደም ሥር ተዘግቶ ነው። አንድም የልብ ሽፋን ተቆጥቶ ነው። አንድም ጤነኛ ወጣት ነው፣ ተፈጥሮው ነው። አንድም እንደኔ አባባ በሽተኛው ተንቀጥቅጦ ነው። ከመምህራኑ የምለየው በአንድ ነገር ይመስለኛል፦ እኔ የሚገድለውን «አንድም» አስቀድሜ ማየት አለብኝ። ቁጭ ብዬ የማማርጥበት ጊዜ የለኝም።

ነርስ፣ ከኮምቦልቻ

እኔ ብዙ ዓመት ኢሲጂ አንስቻለሁ። ሁለት ቃል ልጨምር።

አንደኛው «ምት» እና «ትርታ» ነው። ሰው አንድ አድርጎ ይጠራቸዋል። እኔ ግን እለያቸዋለሁ። ምት ልብ ጋ ነው፤ ትርታ ጣቴ ሥር፣ እጅ አንጓ ላይ የማገኘው ነው። ዋርድ ላይ «ኤኤፍ» የምንለው፣ ምቱ የሚዛባበት የልብ ሕመም አለ አይደል? ፒ ይጠፋል፣ ሹሎቹ ቅጥ ያጣሉ። እዚያ ላይ ምቱ ከትርታው ይበልጣል። አንዳንዱ ምት ልብ በደም ሳይሞላ ስለሚመጣ እጅ ድረስ አይደርስም። በልጅነቱ የጉሮሮ ሕመም ልቡ ላይ ወጥቶበት፣ የልቡ በር የጠበበበት ሰው ላይ ይሄን በደንብ አውቀዋለሁ። በጆሮ 130 ሰምቼ በእጅ 100 አግኝቼ አውቃለሁ። ቃሉን የለየ ሰው ሁለቱንም ይቆጥራል።

ሁለተኛው «ቀጥ አለ» ነው። «ልቡ ቀጥ አለ» ስንል ቆመ ማለታችን ነው። ወረቀቱም ላይ በእርግጥ መስመሩ ቀጥ ይላል። ቃሉና ሥዕሉ እንዲህ የሚገጥሙበት ሌላ ቦታ አላውቅም። ግን ለጀማሪ አደገኛ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ስታይ መጀመሪያ ሰውየውን ተመልከቺ። ቀና ብሎ እያነጋገረሽ ከሆነ የቆመው ልቡ አይደለም፤ ገመዱ ወልቋል።

ገመድ ካነሳሁ አይቀር፦ የቀኝና የግራ እጅ ገመድ ከተለዋወጠ የመጀመሪያው ሊድ፣ ማለትም ወረቀቱ ላይ «I» የተባለው መስመር፣ ይገለበጣል። ይሄን በሽታ ነው ብሎ የሚተረጉም ብዙ ነው።

ጠያቂዋ

እትዬ፣ «ምት» እና «ትርታ»ን ዛሬውኑ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

አንድ ሌላ ቃል አለ፣ አሁንም የሚቆጨኝ። ግፊት የቆየባቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ኢሲጂው ላይ ሹሎቹ በጣም ረዝመዋል፤ የግራው የልብ ጡንቻ የወፈረ ይመስላል። እኔ «አባቴ፣ ልብዎ አብጧል» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «ልጄ፣ እኔ ሰው ንቄ አላውቅም» አሉኝ። ልቡ ያበጠ ማለት ትዕቢተኛ ማለት መሆኑን እኔው ነኝ የረሳሁት። ይቅርታ ጠየቅኩ። ግን ሌላ ቃል በእጄ አልነበረኝም።

የአማርኛ መምህር፣ ከደሴ

«የልብዎ ጡንቻ ወፍሯል» በይ። ግፊት ሲገፋው የኖረ ጡንቻ እንደ ተሸካሚ ትከሻ ይወፍራል፤ ይገባቸዋል። ጡንቻው ሳይሆን ክፍሉ ተለጥጦ ከሆነ ደግሞ «ልብዎ ሰፍቷል» በይ። ሰፊ ልብ ያለው ማለት ታጋሽ ማለት ነው፤ ማንንም አያስቀይምም። ግን ደስ የሚል ቃል ስለሆነ ሕመሙን እንዳይሸፍነው መድኃኒቱን አጥብቀሽ ንገሪያቸው።

ሆጤ ያደግኩ

እኔ የምጠይቀው፣ የመስመሩ ጉብታና ሹሎች ለምን ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ ተባሉ? ሀ፣ ለ፣ ሐ ማለት አይቻልም?

ጠያቂዋ

ፊደሎቹን የሰጣቸው ኔዘርላንዳዊው ዊለም አይንቶቨን ነው። ለዚሁ የልብ ሥራው በ1924 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል፣ በፈረንጆቹ። ዓለም ሁሉ የሚግባባባቸው ስለሆኑ ፊደሎቹን ባንነካቸው እላለሁ። የበሽተኛው ቋንቋ ግን የኛ ነው። «ኤኤፍ አለብዎት» ብዬ እንዴት ልሸኛቸው? ከወረኢሉ የመጣች እናት ይሄ ምን ይነግራታል?

ነርስ፣ ከኮምቦልቻ

እኔ «ልብዎ ይርገበገባል» እላለሁ። የላይኛው የልብ ክፍል በደንብ መጨመቅ ትቶ እንደ ቅጠል ይርገበገባልና። «ይመታል» ካልሽ ደህና ነው ይመስላቸዋል። «ይደልቃል» ካልሽ ደግሞ ድንጋጤ ነው ብለው ይሄዳሉ።

ጠያቂዋ

ዛሬ ማታ ተረኛ ነኝ። «ይርገበገባል»ን ሞክሬ ምን እንዳሉኝ እነግራችኋለሁ።