የኤዲኤችዲ ካፕሱል ስንት ሳምንት ጠበቃችሁ? እናቶች እርዱኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የ11 አመት ልጄ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) አለበት ተባለና ዶክተሩ አቶሞክሴቲን ጀመረለት፣ 36 ኪሎ ስለሆነ በኪሎው አስልቶ 18 ሚሊግራም፣ አነቃቂ ከሚባሉት አይደለም ብሎኛል። እኔ እንደ ራስ ምታት ኪኒን በማግስቱ ለውጥ የማይ መስሎኝ 😅 ዛሬ 12ኛ ቀኑ ነው፣ ያው ነው፣ ትናንት አንድ እግሩ ላይ ካልሲ አድርጎ ሌላውን በእጁ እንደያዘ በረንዳ ላይ ርግብ ሲያይ ሰርቪሱ ጥሎት ሄደ።

ፋርማሲስቷን ስጠይቃት ቀስ እያለ ነው የሚሰራው፣ ሙሉ ለውጡ 6 እና 8 ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል አለችኝ። ካፕሱሉም አይከፈትም፣ ዱቄቱ አይን ያቃጥላል። እኔ ደሞ መዋጥ ሲያቅተው ከፍቼ ማር ላይ እየበተንኩ ስሰጠው ነበር!! አሁን በሙዝ ቁራጭ ተለማምዷል።

በባዶ ሆዱ ሲወስደው ያቅለሸልሸዋል፣ ከገንፎ በኋላ ሲሆን ይሻለዋል፣ ግን ምሳ እቃው እንደሄደ ነው የሚመለሰው። ጠባዩ ከተለወጠ ወይ ከከፋው፣ አይኑ ወይ ሽንቱ ቀለም ከቀየረ ቶሎ አምጪው ስለተባልኩ በየማታው አይኑን በስልክ መብራት አያለሁ፣ እሱም ሰልችቶታል።

አማቴ ደሞ ይሄን ነገር አቁሚና ጠበል ውሰጂው ይሉኛል፣ ጠበሉንስ እወስደዋለሁ፣ መድሃኒቱን ለምን አቆማለሁ?

ልጆቻችሁ ላይ ለውጡን መጀመሪያ በምን አወቃችሁ? ምግቡስ ተመለሰ? ማታ እንዲወስድ የተደረገለት ካለ ንገሩኝ፣ ቀጠሮዬ ላይ ዶክተሩን እጠይቀዋለሁ።