ምግብ ቀየርኩለትና የቡችላዬ ሆድ ተበላሸ፣ እባካችሁ ቶሎ!

የሰኞ ገበያዋ (ከምሽቱ 1:40)
የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ቡችላዬን ተቅማጥ ይዞታል። ውሃ ነው የሚመስለው። ዛሬ ብቻ ስድስት ጊዜ፣ አንዴም አስመልሶታል። ከአዲስ አበባ ሲመጣ የታሸገ ደረቅ ምግብ ተልኮለት ነበር። እሱ ሊያልቅ ሲል ትናንት ጠዋት ወደ ቤት ምግብ ቀየርኩት። እንጀራው ኮምጥጦበት ይሆን? ምን ልስጠው? ደሴ ነኝ። ስሙ ቶሳ ነው።

ቀልደኛው ከፒያሳ
የተራራ ስም አውጥተሽለት በአንድ ቀን እንጀራ ተናደ በይኛ 😂

ኮምቦልቻ ላይ
እህቴ፣ ዕድሜው ስንት ነው? ተከትቧል? የትል መድኃኒት ወስዷል? ደም አለው ወይስ የለውም? «የቤት ምግብ» ያልሽውስ ምን ምን ነው?

ሩዝ ቀቅዪ
ሩዝ ቀቅለሽ ስጪው።

ጡረተኛው
ልጄ፣ ውሻ እንደ ስልክ ገዝተው የሚያመጡት ነገር አይደለም። እኛ ስናድግ ውሻ በጓሮ ተወልዶ፣ እናቱ ከምትበላው እየለመደ ነበር የሚያድገው። የዛሬ ልጆች ቡችላውን በካርቶን ታስመጣላችሁ። ቤቱ አዲስ፣ ሰዉ አዲስ፣ ብርዱ አዲስ፤ በዚያ ላይ በማግስቱ ምግቡ አዲስ። አንጀቱ ውስጥ ያሉት ተህዋስያን የለመዱትን ነው የሚፈጩት። ድንገት ሲቀየርባቸው ግራ ይገባቸዋል። የመጣበትን ምግብ መጀመሪያ ጥቂት ቀን ሳትነኪ መስጠት ነበረብሽ። ከዚያ ሁለት ቀን ሦስት እጅ አሮጌ ለአንድ እጅ አዲስ፣ ሁለት ቀን እኩል በእኩል፣ ሁለት ቀን አንድ ለሦስት። ሳምንት ሲሞላ አዲሱ ብቻ ይሆናል። ሆዱ ከላላ ወደ ኋላ ተመልሰሽ አሥር ቀን ማድረግም ይቻላል። ግን ማን ይሰማል?

ቀልደኛው ከፒያሳ
ጋሼ፣ ቡችላው እስኪያነቡልዎት ድረስ ሰባተኛውን ጨመረ።

የሰኞ ገበያዋ
2 ወር ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል። የሰጠሁት እንጀራ በሽሮ ነው። አልበላ ሲል ወተት አስከተልኩለት፣ አንድ ብርጭቆ ያህል። ሁዳዴ ስለሆነ ቤት ውስጥ ሥጋ የለም። ደም አላየሁም። ሻጩ ተከትቧል ብሎኛል፣ ካርድ ግን አልሰጠኝም። የትል መድኃኒቱን አልጠየቅኩም።

የወልድያው
ምግቡ አይደለም! እኔ አራት ውሻ አሳድጌያለሁ፣ ሁሉም እንጀራ ነው የበሉት። ያ ቡችላ ትል አለበት። ሆዱ ተነፍቶ ጎኑ ከሳ አይደል? ቡችላ ትሉን ከእናቱ ይዞት ነው የሚወለደው። እንጀራን አትውቀሱ።

ኮምቦልቻ ላይ
የወልድያው ስለ ትሉ ልክ ነው፤ ትል መኖሩ ግን ወተቱን ነጻ አያወጣውም። እህቴ፣ መጀመሪያ ወተቱን አቁሚ። የላም ወተት ውስጥ ያለውን ስኳር ብዙ ቡችላ በደንብ አይፈጨውም፣ ስለዚህ እንደ ውሃ ይወርዳል። ሽሮውንም ተይው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፣ በስሎም ቢሆን። ባዶ እንጀራ ትንሽ ቢቀምስ አይገድለውም። ችግሩ ወጡ ነው።
አሁኑኑ ኦአርኤስ ግዢ። አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር አፍልተሽ ባቀዘቀዝሽው ውሃ በጥብጪና በየ15 ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ስጪው። በአንዴ ብዙ ከጠጣ ያስመልሰዋል።

ሩዝ ቀቅዪ
ሩዝ። ያለ ጨው።

የቧንቧ ውሃ ልጅ
ፍላጂል ግማሽ ፍሬ ሰባብረሽ በውሃ። እኔ ለራሴም እሱን ነው የምወስደው።

ኮምቦልቻ ላይ
ኧረ ተው ወንድሜ! የሁለት ወር ቡችላ ነው። መድኃኒት በኪሎው ተለክቶ ነው የሚሰጠው። ፓራሲታሞልም ሆነ ሌላ የሰው ማስታገሻ እንዳታስቢ።

ሐይቅ ዳር
የኔ እህት ቆሮሶ ዓሣ ቀቅዪለት፣ ሥጋው ለስላሳ ነው። እሾሁን ግን አንድ በአንድ ልቀሚ። ደሞ ሁዳዴ ላይ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ እንዳትከፍቱብኝ።

ቀልደኛው ከፒያሳ
ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው አገሩ ሁሉ ጾመኛ ነው። አንድ ቶሳ ብቻ ቢበላ፣ እሱም አስመለሰው።

የባቲዋ
አብሽሪ እህቴ፣ ይሻለዋል ኢንሻአላህ። ሥጋ ከፈለግሽ የሙስሊም ልኳንዳ ክፍት ነው። ሳንባ በርካሽ ታገኛለሽ። የኛ ግቢ ጠባቂ ውሻ በሱ ነው ያደገው።

ኮምቦልቻ ላይ
የባቲዋ ሐሳብሽ ጥሩ ነው፣ ግን ሳንባና ጉበት ጥሬውን በፍጹም። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለበት ውሻው ያንን በልቶ ትል ያፈራል፤ እንቁላሉ በሰገራው ይወጣና ወደ ልጆች እጅ ይመጣል። ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያው ከረጢት ይወጣል። ከረጢት ያለበትን ሳንባና ጉበት፣ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት። ንጹህ የሚመስለውንም ከፈላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቀቅሉት። ለዛሬ ግን ሳንባም አይሆንም። ማስመለሱ ከቆመ ነጭ ሩዝ በደንብ ቀቅዪና ቆዳው የወጣ፣ አጥንት የሌለው የዶሮ ሥጋ ጨምሪበት። ጨው፣ ዘይት፣ በርበሬ የለም። በቀን አራት አምስት ጊዜ፣ እፍኝ እፍኝ። ቀኑን ሙሉ እንዳታስርቢው፤ ትንሽ ቡችላ ቶሎ ስኳሩ ይወርድና ይዝላል።

ሩዝ ቀቅዪ
እኮ ያልኩትን ነው የደገመው።

የወልድያው
እኔም ትል ነው ያልኩት። ማንም አልሰማኝም።

ኮምቦልቻ ላይ
አንድ ነገር ረስቼ። ካርድ ከሌለው «ተከትቧል» የሚለውን አትመኚ። የፓርቮ (ቡችላን በከባድ ተቅማጥና ትውከት የሚገድል ቫይረስ ነው) ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ተጀምሮ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል፣ 16 ሳምንት እስኪሞላው። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ አንዴ ቢወስድ እንኳ ገና ነው። ደም ከታየ፣ ሽታው ከወትሮው ከከፋ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ ወይም ስትጠሪው ካልተነሳ ሌሊትም ቢሆን የእንስሳት ሐኪም ፈልጊ። ድዱን በጣትሽ ጫን አድርጊው። ይነጣና ወዲያው መቅላት አለበት። የማጅራቱን ቆዳ ሳብ አድርገሽ ስትለቂው ተሰብስቦ ከቀረ ውሃ አልቆበታል። የደሴ ሌሊት ብርድ ነው፣ በጨርቅ ጠቅልይው። ጠዋት ምንም ቢሻለው ስለ ትሉ ለሐኪም አሳዪው፣ ከሰገራውም ትንሽ በላስቲክ ይዘሽ ሂጂ።

የሰኞ ገበያዋ (ከምሽቱ 4:25)
ኦአርኤሱን እየሰጠሁት ነው። ተቅማጡ ካቆመ ሁለት ሰዓት ሆነው፣ አላስመለሰምም። ድዱ ሮዝ ነው። ከደረቁ ምግብ ሁለት እፍኝ ያህል ቀርቶኛል፣ ለመደባለቅ ይበቃ ይሆን? አሁን እግሬ ላይ ተኝቷል።

ጡረተኛው
አይበቃም። አዲስ አበባ ያለው ሻጭ በመኪና ይላክልሽ፣ አንድ ቀን መንገድ ነው። እስከዚያ ሩዝና ዶሮው ድልድይ ይሁንሽ። ለዘለቄታው ግን ሩዝና ሥጋ ብቻ አይሆንም፤ የሚያድግ አጥንት ካልሲየም ይፈልጋል። ይኸውልሽ፣ እኛ ጊዜ…

ቀልደኛው ከፒያሳ
ጋሼ ጀመሩ።

የባቲዋ (በማግስቱ ጠዋት)
ቶሳ እንዴት አደረ?

የባቲዋ (ከሰዓት)
እህቴ፣ ደህና ናችሁ?

አዲስ ገቢ
ይቅርታ፣ ከርዕሱ ውጭ ነው። ያ ደረቅ የቡችላ ምግብ ደሴ ላይ የት ይገኛል? የኔም ሊያልቅ ነው።