አራስ ቤት ሆኜ ጸሎቴን እንዴት ላድርስ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሴት ልጅ ወልጄ አራስ ነኝ። ድሮ ጠዋት የዘወትር ጸሎትና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ሳላደርስ ከቤት አልወጣም ነበር። አሁን ግን "በስመ አብ" ብዬ ሳልጨርስ ታለቅሳለች፣ ሳጠባት ደግሞ እኔኑ እንቅልፍ ይጥለኛል። ክርስትና እስክትነሳ 80 ቀን ስለሆነ ቤተ ክርስቲያንም አልሄድም። እናንተ እንዴት አደረጋችሁት?

የሦስት ልጆች እናት፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ! መጽሐፍ ይዘሽ ካልቆምሽ የጸለይሽ አይመስልሽም አይደል? እኔ ሌሊት ሳጠባ አባታችን ሆይን በቃሌ እል ነበር፤ ውዳሴ ማርያም ደግሞ በሰባቱ ቀናት የተከፋፈለ ስለሆነ የዕለቱን ብቻ በስልክ ከፍቼ ድምፁን ቀንሼ አዳምጣለሁ፣ አንዳንዴ ሳያልቅ ልጁም እኔም ጭልጥ ብለን ተኝተናል። የወንዶቹ 40 ቀን ቶሎ አለቀ፣ የሴቷ ነው የረዘመብኝ። ጾሙን ደግሞ እንዳትሞክሪው፣ ገንፎሽን ብዪ!

አባወራው፦ ለንስሐ አባትሽ ደውዪላቸው፣ እንደ አቅምሽ ይነግሩሻል። ግን አባትየው የት ሄደ? ሚስቴ ስትወልድ ማታ ማታ ጸሎቱን ጮክ ብዬ የማነበው እኔ ነበርኩ፣ እሷ ጋደም ብላ "አሜን" ትላለች።

ጠያቂ፦ ሃሃ፣ ይሄንን ለባሌ አሳየዋለሁ። መዝሙር 50ን በቃሌ እችለዋለሁ፣ ዛሬ ዳይፐር ስቀይር ከሱ እጀምራለሁ። የስልኩንም እሞክረዋለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።