የጦር ሠራዊት የሥነ ልቦና ዘመቻና የገበያ ማግባባት በምን ይለያያሉ?

ሸማ ሻጯ (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ አሮጌ ገበያ የሐበሻ ልብስ ሱቅ ነው የምሠራው። በቅርቡ ለሻጮች በተሰጠ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ «ደንበኛ ማሳመንና ወታደር በጠላት ላይ የሚያካሂደው የሥነ ልቦና ዘመቻ አንድ ነው፤ የሚለየው ዩኒፎርሙ ነው» አለን። አልዋጥልኝ አለ። ደንበኛዬን ጠላት ብዬ አላውቅም። መነኑን የእጅ ፈትል ነው ብዬም አልሸጥም። ግን «ይሄ ጥለት ፊትሽን አበራው» እላለሁ፤ ሳልል ውዬ አላውቅም። ልዩነቱ ምንድን ነው? መዋሸትና አለመዋሸት ነው?

ባለባጃጁ፦
አዎ፣ ውሸት ነው ልዩነቱ። ጦርነት ላይ እውነት የሚናገር የለም።

መምህር (አቶቴ)፦
ልጄ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። የወንድሜ መልስ ግን አያስኬድም። ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከጦር ዘመቻዎቹ ብርቱ የነበሩት ብዙ ጊዜ እውነት የተናገሩት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት አሜሪካና አጋሮቿ ለኢራቅ ወታደሮች 29 ሚሊዮን ገደማ በራሪ ወረቀት በትነዋል። አንዳንዱ የክፍለ ጦሩን ስም ጠርቶ ነገ ቢ-52 በተባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን እንደሚደበደብ ይነግረዋል። በማግስቱ ይደበደባል። ቀጥሎ ሌላ ወረቀት ይወርድና ያልነው ደረሰ፣ አሁንም ቦታውን ልቀቁ ይላል። ውሸቱ የቱ ጋ ነው? ወረቀቱን ይዘው እጅ የሰጡ ብዙ ናቸው።

በእኛም አገር ተደርጓል። በ1933 ዓ.ም. ጃንሆይ በሱዳን በኩል ሲገቡ እንግሊዞች ጆርጅ ስቲር የተባለ ጋዜጠኛ የነበረ መኮንን ለዚሁ ሥራ መድበው ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከአውሮፕላን ይወርዳል፤ «ባንዲራችን» የሚል የአማርኛ ጋዜጣ ይታተማል፤ ከረን ግንባር ላይ በጣሊያን ሥር የተሰለፉት ወታደሮች በድምፅ ማጉያ ይጠራሉ። ጣሊያንን ከድተው የወጡ ነበሩ። እኔ ደግ ተሠራ ባይ ነኝ፤ የስንት እናት ልጅ ተርፎበታል።

እና ልዩነቱ? ያ ወረቀት እጁ የገባ ወታደር «አስቤበት እመለሳለሁ» ማለት አይችልም። ወረቀቱን የጻፈው ወገን ቦምቡንም ይዟል። መልእክቱ ከመድፉና ከማጥቂያው ሰዓት ጋር በአንድ አዛዥ ዕቅድ የተቀናጀ ነው፤ ወታደሩ ቢተርፍ እሰየው፣ ዋናው ግን ምሽጉ መለቀቁ ነው። ያንቺ ደንበኛ «መጨረሻው ስንት ነው?» ትላለች፣ ጥለቱን ገልብጣ ታያለች፣ ፈትሉን በጣቷ ታሻለች፣ ካልጣማት ሁለት ሱቅ አልፋ ትገዛለች። በመጀመሪያው እጥበት ቀለሙ ከለቀቀ ደግሞ ተመልሳ ትሟገትሻለች። «ፊትሽን አበራው» ስትያትም መስታወቱ አጠገቧ ነው፤ ራሷ ትፈርዳለች።

የታቦር ልጅ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ገበያውን አጸዱት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1943 እንግሊዞች በሴፍተን ዴልመር መሪነት የጀርመን ጦር ሬዲዮ የሚመስል ጣቢያ ከፍተው ነበር። ሙዚቃውና ወሬው ለጀርመን ወታደር የሚጥም ነው፤ መርዙ መሐል ላይ ይገባል። ዋናው ነገር ተናጋሪው ማን እንደሆነ መደበቁ ነው። ይሄ እዚህም አለ። እኔ ቤት ልከራይ ስሄድ ደላላው ሌላ ሰው ተከራይ አስመስሎ በር ላይ አቁሞ ነበር፤ ሰውየው «ቀብድ አሁኑኑ እከፍላለሁ» ይላል፣ እኔ ተደናግጬ ኪሴ ገባሁ። ያ ምን ይባላል?

መምህር (አቶቴ)፦
ልክ ነህ ልጄ፣ እቀበላለሁ። ደላላው ቦምብ የለውም፤ ግን የማሰቢያ ጊዜህን ቀምቶሃል፣ ከማን ጋር እንደምትነጋገርም ደብቆሃል። እንደዚያ ያለውን ማግባባት አልለውም። ጦሩ ቢያንስ ጠላቱን ጠላት ብሎ ነው የሚዘምትበት፤ ደላላው «ወንድሜ» እያለህ ነው።

ሸማ ሻጯ (ሐዋሳ)፦
አመሰግናለሁ ጋሼ፣ አንተም ወንድሜ። አሁን ነገሩ ገባኝ። ያ አሠልጣኝ መጋዘኑ ሞልቶ እያለ «አንድ ብቻ ነው የቀረው፣ ሌላ ሰው ይዞታል በሉ» ብሎን ነበር፤ ያንገሸገሸኝ እሱ ነው። ሰኞ ለአሠሪዬ ይህን እንደማልል እነግረዋለሁ። ሱቁ ውስጥ ያሉት ሁለት ልጆችም አብረውኝ እንዲገቡ ጠይቄያቸው እሺ ብለውኛል።