ዘንዶ ማራባት ጎንደር ላይ፦ ቅዝቃዜውን እስከ ስንት ልልቀቀው?

የአዘዞው፦
ሰላም ለሁላችሁ። በፈቃድ የምንይዛቸው ወንድና ሴት ዘንዶ አሉን፤ ከመተማ በኩል የመጡ ናቸው። ሴቷ ሦስት ሜትር ተኩል ደርሳለች፣ ጥንቸል ሲቀርብላት አትምርም። ግን አራት ዓመት አንድ ቤት ሲያድሩ ዞር ብለው አልተያዩም። ዓመቱን ሙሉ 31 ዲግሪ ላይ ነበር የያዝኳቸው። «ወቅት ካልተለወጠባቸው አይዋለዱም» ሲሉኝ ባለፈው ኅዳር ማሞቂያውን ሌሊት ሌሊት ማጥፋት ጀመርኩ። በሦስተኛው ሌሊት ክፍሉ 13 ገባ። ጠዋት ስገባ ወንዱ አንገቱን ሽቅብ አቅንቶ በተከፈተ አፍ ይተነፍሳል፣ አፍንጫው ላይ አረፋ። ሐኪሙ ሳንባውን ነው ብሎ መርፌ ጀመረለት። ዳነልኝ፤ እኔ ግን ፈራሁ። እስከ ስንት ነው የሚወርደው?

የመተማ ልጅ፦
እኛ አገር እንኳን 13፣ 18ም ብርድ ነው! ምስኪን።

ጋሽ ቆላ፦
ወንድሜ፣ ማቀዝቀዝህ ልክ ነው፤ ጭራሽ ማጥፋትህ ነው ጉዱ። ጎንደር እኮ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ ዘንዶ ደግሞ የቆላ ፍጥረት። ሌሊት 22 ወይም 23 ላይ እንዲቆም አድርገው፣ ቀን 29 ይመለስ። እዚያም የምትደርሰው ሁለት ሳምንት ወስደህ ቀስ በቀስ ነው። ሁለት ወር ያህል ይበቃል።

ከዚያ በፊት ግን ሆዳቸው ባዶ ይሁን። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ለእኛ ነው፤ ጥንቸል የዋጠ ዘንዶ ከቀዘቀዘ ሆዱ ውስጥ ይበሰብስበታል። ከመጨረሻው ምግብ በኋላ ሦስት ሳምንት ጠብቅ፣ ውሃ አይጓደል። ለየብቻም አድርጋቸው፤ ተሰለቻችተዋል። ኋላ ሴቷን ወደ ወንዱ ቤት አስገባትና ውሃ እርጭ፣ ዝናብ ይምሰላቸው። የቤታቸውን መብራት ሰዓት እንደ ወቅቱ ላሳጥር ላርዝም ብለህ አትጨነቅ፤ እዚህ የታኅሣሥና የሰኔ ቀን የሚበላለጠው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ወንዱን ሐኪም «ድኗል» ሳይልህ እንዳትነካው።

የአዘዞው፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ዕቃ የት ይገኛል? መብራት ሲጠፋስ?

ጋሽ ቆላ፦
የጫጩት መፈልፈያ ማሽን የሚጠግኑትን ጠይቅ፣ እነሱ ጋ አይጠፋም። ለመብራቱ ሁለት ጀሪካን ሙቅ ውሃ በጆንያ ጠቅልለህ ከቤታቸው ግድግዳ ውጭ አስጠጋ፤ ውስጥ አታስገባ፣ ተጠምጥመውበት ይቃጠላሉ። አንዷ የእኔ ሆዷ እስኪላጥ አልለቀቀችውም።