የቤት ፕላን የማን ነው? የሠሪው ወይስ የአሠሪው?

አርክቴክቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ሆዴን እየበላኝ ስለሆነ እዚህ ላውጣው። ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ቤተሰብ በ200 ካሬ ላይ የሚያርፍ ጂ+1 ቤት ፕላን ሠራሁ። ደረጃውን ብቻ አራት ጊዜ ቀይሬዋለሁ። እናትየው ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ስለዚህ እርከኑን ዝቅ፣ ማረፊያውን ሰፋ አደረግኩት። ማረፊያው ላይ ረዘም ያለ መስኮት አወጣሁ፤ የጠዋት ፀሐይ በዚያ ገብታ ሳሎን ድረስ ትወርዳለች።

ባለፈው ሳምንት በሌላ ሰፈር ሳልፍ ያንኑ ቤት አየሁት። ባለቤቱን አስፈቅጄ ገባሁ። ግራና ቀኙ ተገልብጧል እንጂ ያው የእኔ ነው። ያ መስኮት ወደ ምዕራብ ዞሮ የከሰዓት ፀሐይ ደረጃውን ያቃጥለዋል። ስጠይቅ ፕላኑ በቴሌግራም በፒዲኤፍ የመጣ ነው። ስሜ ያለበት ሳጥን ተቆርጦ የሌላ ሰው ማኅተም ተመትቶበታል።

ዘፈን ቢሆን ሁላችንም ሌብነት እንለው ነበር። ፕላን ሲሆን ለምን ዝም እንላለን? እኔ የቤት ፕላን ያለ ሠሪው ፈቃድ ሁለተኛ ቤት ሊሠራበት አይገባም ባይ ነኝ።

የቤት ባለቤት፦
እህቴ፣ ስሜትሽ ይገባኛል። ግን የእኛንም ወገን ስሚ። ካርታው የእኔ፣ ብሩ የእኔ፣ ሐሳቡም ግማሹ የእኔና የባለቤቴ ነው። ማድ ቤቱ በጓሮ በኩል ከሰርቪስ ቤቱ ጋር ይገናኝ፣ በዓል ሲመጣ እንግዳው ሳሎን ተቀምጦ ሥራው በኋላ በር ይሂድ ያልነው እኛ ነን። አርክቴክቱ መስመር አደረገው። ታዲያ ወንድሜ «ያንተን ዓይነት ልሥራ» ቢለኝ አይሆንም ልበለው?

ደግሞስ ሳሎን፣ ሦስት መኝታ፣ በረንዳ የማን ፈጠራ ነው? ኮንዶሚኒየሙን ተመልከቱ። አንዱ ሳይት ላይ ያለው ብሎክ ሌላው ሳይት ላይ ተደግሟል። በማኅበር የተሠሩ ቤቶችም በአንድ ታይፖሎጂ፣ ማለትም በአንድ ዓይነት ፕላን፣ ሰፈር ሙሉ ቆመዋል። ተዘረፍኩ ያለ ሰው አልሰማሁም።

የሕግ ባለሙያ፦
ሕጉ የሚለውን ላስቀምጥ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥነ ሕንፃንም፣ ፕላንና ንድፉንም ጥበቃ ይሰጣል። መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ሥራው በተፈጠረበት ቅጽበት ጥበቃው ይጀምራል። የሥራው አመንጪ በሕይወት እስካለ፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ሐሳብ ብቻውን ግን አይጠበቅም። «ማድ ቤቱ በጓሮ ይሁን» ማለት ሐሳብ ነው፤ የተሠራው ፕላን ሌላ ነው።

አዋጁ ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማድረግን ይፈቅዳል። ሥነ ሕንፃን በግንባታ መልክ መቅዳት ግን ከዚህ ፈቃድ ውጪ ነው። ስለዚህ «ለራሴ መኖሪያ ነው የሠራሁት» የሚለው መከላከያ አያስኬድም።

አሁን አርክቴክቷን የማያስደስተው ክፍል። በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የኢኮኖሚ መብቱ የአዛዡ ነው። ውልዎ ስለዚህ ጉዳይ ምንም ካላለ የመቅዳት መብቱን የያዙት ደንበኛዎ ናቸው። ከእርስዎ ጋር የሚቀረው የሞራል መብት ነው፦ ስምዎ እንዲጠቀስና ሥራዎ ክብርዎን በሚጎዳ መንገድ እንዳይለወጥ መጠየቅ። ስምዎ ተቆርጦ የሌላ ሰው ማኅተም መመታቱ በቀጥታ ይህን ይነካል።

አርክቴክቷ፦
ይህን አላውቅም ነበር። ውሌ አንድ ገጽ ናት፤ ክፍያና ቀን ብቻ። ግን ደንበኛዬም እኮ አልፈቀዱም። ደውዬላቸው እንደ እኔው ነው የደነገጡት። ያ ሰው ማንንም አልጠየቀም።

ፎርማን፦
ያቺን ፒዲኤፍ የላክኩት እኔ አይደለሁም። እንዲህ ያለ ፋይል ግን ልኬ አውቃለሁ፤ አልደብቅም። አንድ ሰው ይመጣል። በእጁ ያለው ብር ለብረትና ለሲሚንቶ እንኳን አይበቃም። «ፕላን የለህም ወይ?» ይለኛል። ስልኬ ውስጥ አለ። መስጠቱን እንደ መረዳዳት ነበር የማየው። ፕላን በአቅሙ ማግኘት ያልቻለ ሰው ምን ያድርግ? መልስ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ለእኔም ይጠቅመኛል።

ስትራክቸራል መሐንዲስ፦
እኔ ደግሞ በመሬቱ በኩል ልምጣ። ፕላን ሲቀዳ ስትራክቸሩም አብሮ ይቀዳል። ፋውንዴሽኑ የተሰላው ለመጀመሪያው ቦታ አፈር ነው። ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቤቱን ከሥሩ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። ለአለት መሬት የተሰላ ፉቲንግ (የመሠረቱ እግር) እዚያ ላይ ብታስቀምጥ ግድግዳው አይምርህም። ሁለተኛውን ማኅተም የመታው ሰው ሳይቱን ረግጦታል? አፈሩን አይቷል? ወንድሜ ፎርማን፣ ያን ምስኪን የረዳኸው መስሎህ ያለ የሌለ ገንዘቡን አደጋ ላይ ጥለህበት ሊሆን ይችላል።

ከቨርጂኒያ፦
እዚህ አሜሪካ ለቤት ሠሪዎች ፕላን እሠራለሁ። ድሮ እዚህም ጥበቃ የነበረው ለሥዕሉ እንጂ ለቆመው ቤት አልነበረም። ቤቱ ራሱ ጥበቃ ያገኘው እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1 ቀን 1990 ጀምሮ ነው። ያም ሆኖ የተለመዱ በሮችና መስኮቶች ለየብቻቸው አይጠበቁም። ባለቤቱም ቤቱን ለማደስ ወይም ለማፍረስ አርክቴክቱን አያስፈቅድም።

ጥበቃው ልክ ሲያጣ የሚመጣውንም አይተናል። ዲዛይን ቤዚክስ የሚባል ፕላን ሻጭ ድርጅት ከ100 በሚበልጡ የፌዴራል ክሶች ውስጥ ገብቷል፤ በአብዛኛው ከሳሽ ሆኖ። እ.ኤ.አ. በ2017 ቺካጎ ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክስን ንግድ ማድረጉን ነቀፈ። በእንዲህ ዓይነት የመኖሪያ ፕላን ላይ ያለው ጥበቃም ስስ ነው አለ። አንድ ዓይነት ፍላጎት ያላቸው ቤተሰቦች ተቀራራቢ ቤት ማሠራታቸው አይቀርም። በዚህ ምክንያት ሰው መከሰስ የለበትም።

የእህታችን ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። እዚያ ቤቶቹ መመሳሰላቸው ነበር የሚያከራክረው። እሷ ጋ የተወሰደው ፋይሉ ራሱ ነው።

የቤት ባለቤት፦
የአፈሩ ነገር አስደንግጦኛል። ወንድሜ መሬት ያገኘው ደብረ ብርሃን ነው፤ ፕላኔን ልሰጠው ነበር። ቢሆንም ለአንድ ፕላን ሁለት ጊዜ ሙሉ ክፍያ መጠየቅ ልክ አይመስለኝም። እዚህ ላይ አልተለወጥኩም።

አርክቴክቷ፦
ሙሉ ክፍያ አልጠይቅም። የመጀመሪያው ሥራ ተከፍሎበታል። ከዛሬ ጀምሮ ውሌ ውስጥ የምጨምረው ይህንን ነው፦ «ይህ ፕላን በዚህ ካርታ ላይ ለአንድ ቤት ግንባታ ብቻ ያገለግላል። በሌላ ቦታ ሲፈለግ አርክቴክቷ ቦታውን አይታ ታስተካክላለች፤ የሚከፈለውም የማስተካከያው ዋጋ ብቻ ነው።» ፎርማኑ ለጠየቁትም መልሴ ይኸው ነው። አቅም የሌለውን ሰው ወደ እኔ ይላኩት። ያለቀ ፕላን ለእሱ ቦታ ማስተካከል ከዜሮ ከመጀመር በጣም ይቀላል፤ ዋጋውም እንደዚያው።

የሕግ ባለሙያ፦
«የኢኮኖሚ መብቱ የአርክቴክቷ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ከላይ ይጨምሩ። እሱ በግልጽ ካልተጻፈ የቀረው ያከራክራል።

ፎርማን፦
እሺ እህቴ፣ እልካለሁ። ስልኬ ውስጥ ያሉትን ፋይሎችም ከዛሬ በኋላ ለማንም አልሰጥም።

የቤት ባለቤት፦
ወንድሜ ግንባታ የሚጀምረው ጥቅምት ላይ ነው። የእኔን ፕላን የሠራው ሰው አሁን እዚህ አገር የለም፤ ደውዬ ፈቃዱን እጠይቀዋለሁ። እሺ ካለኝ ደብረ ብርሃን ወርደሽ ቦታውን የምታዪበት ቀን ይኖርሻል?