ደባርቅ ያለው የእናቴ ቤት ቧንቧ በረዶ ሠርቷል፤ ምን ይሻላል?

ጠያቂ፣ ከማራኪ፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ዛሬ ማለዳ ከደባርቅ ደውላ ቧንቧው ጠብታ እንኳ እንደማይሰጥ፣ ቱቦው ላይም አመዳይ እንደተጋገረበት ነገረችኝ። እኔ እስከ ቅዳሜ መሄድ አልችልም። ጎረቤት እሳት አንድዶ ቱቦውን ሊያሞቅላት ተነሥቷል፤ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

የፒያሳ ነዋሪ፦ በእርግጥ ውርጭ ነው? እዚህ ጎንደር ቧንቧ ዝም ሲል አብዛኛውን ጊዜ ተራችን ስላልደረሰ ነው። ጎረቤት ቤት ውሃ መኖሩን መጀመሪያ ይጠይቁ።

የአዘዞ ቧንቧ ሠራተኛ፦ እሳቱን አሁኑኑ ይከልክሉ! የፕላስቲክ መጋጠሚያ ካለ ይቀልጣል፤ በበረዶ መካከል የታሰረ ውሃም ፈልቶ ቱቦውን ሊያፈነዳው ይችላል። እናታችን ቧንቧውን ከፍተው ይተዉት፤ ከዚያ በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ከቧንቧው አፍ ጀምረው ወደ ላይ እያዘዋወሩ ቱቦው ላይ ይጠቅልሉ፤ ከአፉ የሚጀመረው የቀለጠው ውሃ መውጫ እንዲያገኝ ነው።

የፊዚክስ መምህር፦ ደባርቅ ከጎንደር በብዙ መቶ ሜትሮች ከፍ ያለች በመሆኗ፣ ሰማዩ ጥርት በሚልባቸው የታኅሣሥና የጥር ሌሊቶች ምድሩ ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል፤ ብርዱም የሚበረታው ሊነጋ ሲል ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜ ቱቦውን የሚሰነጥቀው ግን በበረዶውና በተዘጋው ቧንቧ መካከል የሚታመቀው ውሃ ነው።

ጠያቂ፦ እሳቱ ቀርቷል። ጎረቤት ቤት ውሃ አለ። ሳልናገር የቀረሁት፣ ቱቦው ብረት ሆኖ ከሮቶው እስከ ግቢው ቧንቧ 6 ሜትር ያህል ፀሐይ በማይነካው ግድግዳ ላይ ተጋልጦ የተዘረጋ መሆኑን ነው።

የደባርቅ ልጅ፦ በደባርቅ ብርድ ሰው ጋቢ ይደርባል፤ ቱቦውም ጋቢ ይሻል! እኛ ቤት በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልለን ከላይ ላስቲክ እናስርበታለን፤ ብርድ ልብሱ ከራሰ ግን ጥቅም የለውም።

ከሚኒሶታ፦ እዚህ አሜሪካ በብርዱ ወራት ማታ ማታ ቧንቧውን በጥቂቱ እንዲንጠባጠብ እንተወዋለን።

የፒያሳ ነዋሪ፦ ውሃ በተራ ለሚያገኝ ሰው እንዴት ይመከራል? ቢያንስ ከሥሩ ጀሪካን ይቀመጥ።

ሌላ አባል፦ አሁን በረዶውን ለማቅለጥ ቱቦውን በሞቀ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ይጠቅልሉት።

የአዘዞ ቧንቧ ሠራተኛ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ቱቦው ተሰንጥቆ ከሆነ በረዶው ራሱ ስንጥቁን ስለሚደፍነው እስኪቀልጥ ድረስ ላይታወቅ ይችላል፤ ስለዚህ ጨርቁ ሲዞር አንድ ሰው ሮቶው ሥር ካለው መዝጊያ አጠገብ ይቁም። ማታ ደግሞ ያንኑ መዝጊያ ዘግተው፣ የግቢውን ቧንቧ ከፍተው በቱቦው የቀረውን ውሃ ጀሪካን ውስጥ ያፍስሱ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ፣ አየሩ ሲሞቅ፣ መልሰው ይክፈቱ።

የፒያሳ ነዋሪ፦ እናትዎ ደወሉ?